አፉ በይኝ ሳልላት

ድራማው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ነበር የሚጀምረው። ከውጭ አገር የመጣ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የሳቅና የፍቅር ተከታታይ ነው። አንዲትን ወጣት፣ ሐኪሞች ጥቂት ወር ነው የቀረሽ ይሏታል። ለልብ ጓደኛዋ ግን አትነግራትም። ሳልሞት ልዳራት ብላ ባል ፍለጋ ትነሳለች። የምታመጣቸው ወንዶች አንዱ ከአንዱ የባሰ ነው፤ አንደኛው እናቱን አስከትሎ ይመጣል፣ ሌላው ገና ሻይ ሳይቀርብለት ስለ መጀመሪያ ሚስቱ እያወራ ያለቅሳል።

ይህን ድራማ የማየው ከሚሴ፣ ጓደኛዬ ቤት፣ እሷ ፍራሽ ላይ ተጋድማ እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ ነበር። ጓደኛዬ ገበያው አጠገብ የሻሽና የጨርቅ ሱቅ ነበራት። የማህፀን ካንሰር ነው ተብላ ደሴም አዲስ አበባም ተመላልሳለች። መጨረሻ ላይ ማስታገሻ ሰጥተው ቤትሽ ሁኚ አሏት። ቤትሽ ሁኚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል፤ አንዳችንም አላነሳነውም።

እሷ ግን ድራማውን ስታይ ትስቅ ነበር። የታመመችው ልጅ ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ከንፈሯ ቀይ ነው፣ ፀጉሯም ንቅንቅ አላለም። «እኔ የያዘኝ የድሃው ዓይነት ነው መሰለኝ» ትላለች፣ የከሳ ክንዷን እያየች። እስቃለሁ። ወዲያው መሳቄ ያናድደኛል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

አንድ ቅዳሜ ድራማው እንዳለቀ እኔም ልዳርሽ አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። እኔ አግብቼ አላውቅም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት መዝገብ ቤት፣ የሰው ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ነው። ማንን ልትድሪኝ ነው ብላት አንድ መምህር አለ አለችኝ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቱ፣ አሁንም ጨፋ ሮቢት የሚያስተምር፣ ሰላቱን የማያጓድል ሰው። ቀጥላ እንደ ዋዛ፣ «ድሮ እኔን የሚወደኝ ይመስለኝ ነበር። ጠብቄው ነበር ታውቂያለሽ? ግን አልጠየቀኝም» አለች።

ጠይቋት ነበር። የጠየቀው በእኔ በኩል ነው።

ያኔ ሁለታችንም ገና ሃያ አልሞላንም። እሱ አዲስ የተመደበ መምህር ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ይመጣል። አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ጠብቆኝ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልቧን እንድጠይቅለት ለመነኝ። እኔ ታጭታለች አልኩት። አላሰብኩበትም፤ ከአፌ ሾልኮ ወጣ። እሱን እወደው ስለነበር ነው ብል ይቀለኝ ነበር፤ አልወደውም ነበር። እሷን ይዞብኝ እንዳይሄድ ፈርቼ ነው። ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረኝም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሚኒባሱ ላይ ወጣ፤ እኔም ወደ እሷ ሄጄ ማንጎ በላን።

ዋሽቼም አላስቀረኋትም። በዓመቱ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አገባች። ልጅ አልመጣ ሲል ፈታት፤ ከዚያ በኋላ ማንንም አላገባችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የእኛ ተገልብጦ ነበር። የተወጋችው አታውቅም፤ የወጋሁት እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ አልረሳሁም።

ከድራማው ወግ አያልፍም ብዬ ነበር፤ ለካ የምሯን ነው። በእናቷ ስልክ አስደወለች። መምህሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙዝ በፌስታል ይዞ በሽተኛ ሊጠይቅ መጣ። ሸብቷል፣ ትከሻው ጎብጧል። ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ ረዥም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ አካም ጅርቱ፣ ነጋያ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ የጨፋ ማሽላስ እንዴት ከረመ። ከዚያ ተቀመጠና ሦስታችን ድራማውን ማየት ጀመርን። የዚያን ቀን ልጅቱ ለጓደኛዋ ያመጣችላት ወንድ ወንበር ተሰብሮበት ከነሳህኑ ይወድቃል። መምህሩ ሳቀ። እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ብቻ የበሩን ርቀት እለካ ነበር።

ድራማው ሲያልቅ እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፋት የለበትም፤ ለበሽተኛ የሚባል ነገር አጥቶ ነው።

«ያኔ ታጭተሽለት የነበረው ሰውዬ፣ ሳይሆን ቀረ?» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። ያየችኝ ለረዥም ጊዜ አይደለም፤ መርፌ ላይ ክር እስኪገባላት ያህል ቢሆን ነው። ከዚያ ወደ እሱ ተመልሳ፣ «አልሆነም። አላህ አላለውም» አለችው።

አላጋለጠችኝም። እሱ ሲወጣ ትሰድበኛለች፣ ትራሷን ትወረውርብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብታደርገው በተገላገልኩ። እሷ ግን ውሃ ስጪኝ አለች። ሰጠኋት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ጠጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲያ ስለ ትዳር አላነሳችም። ይልቅ ሰው ታስጠራ ጀመር። በእኛ አገር ሰው መሄዱን ሲያውቅ የሚያውቃቸውን አንድ በአንድ ጠርቶ አፉ በሉኝ ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። የተጠየቀውም አፉ ብዬሻለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ ብሎ ይመልሳል። ምን በድለሽኝ፣ ምን በድዬሽ አይባልም። የሚታወቀውም የማይታወቀውም በዚያች ቃል ይታጠባል። ጎረቤቶቿ መጡ፣ የሱቅ ባልደረቦቿ መጡ፣ አሥር ዓመት ያልተነጋገረቻት የአጎቷ ልጅ እንኳ ከባቲ መጥታ ተላቅሰው አፉ ተባባሉ።

የእኔ ተራ ማክሰኞ ነበር። ከቢሮ ወጥቼ በባጃጅ ሄድኩ። እናቷ ጓሮ ነበረች፤ ሁለታችን ብቻ ነን። እጄን ያዘችኝ። እጇ ደረቅና ትኩስ ነበር።

«አፉ በይኝ» አለችኝ።

መልሱን ሕፃን ያውቀዋል። አፉ ብዬሻለሁ፣ አንቺም አፉ በይኝ። በቃ። መናዘዝ አልነበረብኝም፣ ማስረዳት አልነበረብኝም፤ እሷ አውቃዋለች፣ ማወቋንም እኔ አውቃለሁ። ግን አንቺም አፉ በይኝ ካልኩ ዓይኗን ማየት ይኖርብኛል። ፈራሁ። ፍርሃቴንም ደግነት አስመሰልኩት።

«ይሄ የሚሄድ ሰው ወግ ነው፤ አንቺ የት ልትሄጂ ነው? ቅዳሜ ድራማው ያልቃል፣ እሱን አይተን እንባባላለን» አልኳት።

እጄን አልለቀቀችም። የምትጠብቀኝ ይመስል ነበር፤ አሁን ሳስበው እየጠበቀችኝ ነበር። ከዚያ በኦሮምኛ «ዲሲ» አለች፤ ተዪው ማለቷ ነው። እኔም ተውኩት። ትራሷን አስተካክዬ፣ ስለ ቢሮው አለቃ አንድ ሁለት የሚያስቅ ነገር አውርቼ ወጣሁ። እግረ መንገዴን ብርቱካን እንኳ ገዝቻለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሞተች።

ሴቶቹ ሲያጥቧት ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሰውነቷ ቀልሎ የልጅ አካል ሆኖ ነበር። ከንፈሯ ነጭ ነበር። ወንዶቹ ተሸክመዋት ሊወጡ ሲሉ ሼኹ ደጅ ላይ ቆመው ቅያሜ ያለው አፉ ይበላት አሉ፤ አፉ ብለናል አለ ሕዝቡ። እኔም ከሴቶቹ መሀል አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት። እኔ እሷን ይቅር የምላት ምን ነበረኝ?

ቅዳሜ ከአስር ሰላት በኋላ ለቅሶ ቤቱ ጋብ ብሎ ነበር። ቴሌቪዥኑን ከሱቋ በመጣ አረንጓዴ ሻሽ ሸፍነውታል። ፍራሹ ተነስቷል። መምህሩም ለተዕዚያ፣ ሊያስተዛዝን መጥቶ ድንኳኑ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል፤ ሲያየኝ በሐዘኔታ አንገቱን ነቀነቀልኝ። እሱ እስካሁን አያውቅም።

እናቷ ጎን ተቀመጥኩ። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ እማ፣ አልኳት። ጉልበቴን እየደባበሰች ስለ ልጇ አሟሟት አወራችኝ፤ ህመሙ መጨረሻ ላይ እንደተዋት፣ የእምነት ቃሏን፣ ሸሃዳዋን፣ አጥርታ እንዳለች፣ በማንም ላይ ቂም ሳትይዝ እንደሄደች። ሳልፈልግ አፌ ጠየቀ፤ ስለ እኔስ ምን አለች አልኳት።

እናቷ ወደ እኔ ዞረች።

«እንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም ጠይቄያት ነበር። ሐሙስ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል፣ ጓደኛሽንስ አፉ ብለሻታል ወይ አልኳት። ‹እሷ ገና አልጠየቀችኝም፤ ቅዳሜ ትመጣለች› አለችኝ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። ድራማው የሚጀምርበት ሰዓት ነበር።