ደሙን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ

ይህን ነገር ለባለቤቴም፣ ለልጆቼም፣ ለነፍስ አባቴም ሳልናገረው ነው ያረጀሁት። በየዓመቱ ንስሐ ገብቻለሁ። ጾም መግደፌን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤ ገበያ መሄዱን ተናግሬ የታዘዝኩትን ስግደት ሰግጃለሁ። ይህን ግን ዘለልኩት። ረስቼው አይደለም። እያወቅኩ፣ ዓመት በዓመት፣ ዘለልኩት። አሁን ለእናንተ እናገረዋለሁ። እንድታዝኑልኝ ግን አልፈልግም።

እኔ ዋሽቻለሁ። በሽማግሌዎች ፊት ተጠይቄ ያየሁትን አላየሁም ብያለሁ። በእኔ ውሸት አንዲት ሴት ሐሰተኛ ተብላ ወደሚመታት ባሏ ተመለሰች። ያቺ ሴት የክርስትና ልጄ ናት።

ትርሲት ትባላለች። እናቷ ጎረቤቴ ነበረች፤ አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ባለው ሰፈር አንድ አጥር ተጋርተን ኖረናል። ትርሲትን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። እናቷ ስትሞት አደራ ያለችውም እኔን ነው።

ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ የክፍል ኃላፊ ነበሩ። በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ታደሰ የሚባል መካኒክ በእሳቸው ሥር ይሠራ ነበርና ትርሲትን ሲያገባ የጋብቻ ዋስ ሆኑለት። ዋስነት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ አይበድላትም ብሎ በሰው ፊት ቃል የሰጠ ሰው፣ ልጁ ከበደለ አብሮ ያፍራል።

እኔ ደግሞ ሙሽሮችን እመክር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ማንበብ እችላለሁ ብለው የማኅበራችን ሴቶች ምክሩን ለእኔ ትተውት ነበር። ልማዳችን ሴቷን ሴቶች፣ ወንዱን ወንዶች ለየብቻ መምከር ነው። እኔ ለሙሽሪት ሐዋርያው ለሚስቶች ያዘዘውን እነግራታለሁ። ባልሽ ራስ ነው፣ ተገዢለት፣ አክብሪው እላታለሁ። «ቻዪው» የሚለውን ደግሞ ከራሴ እጨምርበታለሁ። ለባሎች የታዘዘው ግን ከዚያው ቀጥሎ ያለ ነው። ባል ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው እንዲወዳት፣ ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ እሱም ራሱን እንዲሰጥላት ይላል። ያንን ለወንዱ ባለቤቴ ይነግሩታል ብዬ እተወዋለሁ። ባለቤቴስ? ከጓዳ ሆኜ እሰማቸው ነበር። «አንተ ራስ ነህ፣ ቤትህን አስተዳድር፣ ሴት ልጅ ካልገሯት አትገዛም» ይሉታል፤ በቃ፣ ምክሩ አለቀ። ለወንዱ የታዘዘውን ማንም ለማንም ሳይናገር ይቀራል። ይህን አውቅ ነበር። ስንት ሙሽራ መከርኩ? ስንቷን ግማሹን ቆርጬ በቀረው ግማሽ አስሬ ላክኋት?

ትርሲት ባገባች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣች። ከግራ ጆሮዋ የወረደው ደም አንገቷ ላይ ደርቋል።

«ሳላስፈቅድ ቃሊቲ አክስቴ ጋ ሄጄ ነው» አለችኝ። ደሟ ሳይደርቅ የራሷን ጥፋት ነበር የምትነግረኝ። እንዲህ አድርጌ ነበር የመከርኳት።

ውሃ ለብ አድርጌ ጨው ጨመርኩበት፤ በጥጥ አጠብኩላት። የመጀመሪያው ጥጥ ቀላ፣ ሁለተኛው ቀላ፣ ሦስተኛው ቀላ። በግራዋ በኩል ቆሜ ስሟን ጠራሁት። ዞር አላለችም። እንደገና ጠራሁት። አልሰማችም።

በዚያች ሰዓት አዘንኩ ብዬ ብጽፍ ለእኔ በተሻለ ነበር። አላዘንኩም። ተናደድኩ። በታደሰ ብናደድም ደግ ነበር። የተናደድኩት በእሷ ነው።

ለምን? እኔንም ባለቤቴ መትተውኛል። አንድ ጊዜ አይደለም። ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ምሳቸውን አቅርቤ፣ እንደ ወትሮው አንቱ ብዬ፣ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሰዎች «የእትዬ አስካለን ትዳር ይስጥሽ» እያሉ ልጆቻቸውን ሲመርቁ ዝም ብዬ አሜን እላለሁ። ያ ዝምታ ብቸኛው ሀብቴ ነበር። እና ይህች ልጅ ገና ባገባች በሁለት ዓመቷ ደሟን ይዛ ደጅ ልትወጣ ነው? እኔ የቻልኩትን እሷ የማትችለው ማን ስለሆነች ነው? እሷ ካመለጠች የእኔ መቻል ምን ሊባል ነው? ይህንን ነበር የማስበው። ሃይማኖት አልነበረም፤ ምቀኝነት ነበር። ምቀኝነቴን ሐዋርያው በተናገረው ሸፈንኩት። ከመዋሸቴ ይልቅ ይኸኛው ያናድደኛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አምስት ሽማግሌዎች ሳሎናችን ተቀመጡ። ባለቤቴ ዋስ ስለሆኑ ከዳኞቹ ጋር አልተቀመጡም፤ በር አጠገብ ነበሩ። ትርሲት መታኝ አለች። ታደሰ ደረጃ አዳልጧት ወድቃ ነው አለ። ሁለቱንም ወደ ግቢ አስወጥተው እኔን አስጠሩኝ።

«እትዬ አስካለ፣ ሐሙስ ዕለት እርስዎ ዘንድ መጥታለች። የመመታት ምልክት፣ ደም፣ አይተውባታል?»

ባለቤቴ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። አላስፈራሩኝም፤ ከዚያም በፊት ስለ ጉዳዩ አንድም ነገር አላሉኝም። በእሳቸው እንዳላመካኝ ይህን እጽፋለሁ።

«ምንም አላየሁም» አልኩ።

ጣቴ አሁንም ጨው ጨው የሚል ይመስለኝ ነበር። ምንም አላየሁም አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ባሏን በሐሰት ከሳለች ብለው ፈረዱ። የታደሰን ጉልበት ስማ ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዙ። እኔ ወደ ግቢ ስወጣ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ምን አሉ? ነገሯቸው?»

«ነገርኳቸው። አልሰሙኝም» አልኳት።

እጄን ሳመችው። ያንኑ እጅ። ከዚያ ገብታ ተንበረከከች። አየኋት። ያንን ግን አላየሁም ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ግራ ጆሮዋ ሞተ። ታደሰ መምታቱን አልተወም፤ ለምን ይተዋል? ሽማግሌ ነጻ አውጥቶታል። ሜሮን የምትባል አንዲት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሲሆናት ሌላ ሴት ይዞ ወጣ። ያ ሁሉ መቻል ያቆየው ትዳር ይኸው ነው። ትርሲት ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ፣ በጨለማ ሰርቪስ እየጠበቀች፣ ልጇን ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሳደገች።

እኔንስ? እኔን በየበዓሉ ትጠይቀኝ ነበር። ባለቤቴ ሲሞቱ እስከ አርባቸው ድረስ ከሥራ መልስ እየመጣች እኔ ዘንድ አድራለች። ወገቤን ሲያመኝ ታሸኛለች። ለሰውም፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ያኔ ለእኔ የቆሙልኝ እትዬ ብቻ ናቸው» ትላለች። ምስጋናዋን ስንት ጊዜ ተቀበልኩ? አንድ ጊዜስ «ተይ፣ አይገባኝም» ብዬ አውቃለሁ? በልቼዋለሁ። ጣፍጦኝም ያውቃል።

ዘንድሮ ሜሮን ልታገባ ሆነ። ትርሲት ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች።

«ይኸው ሙሽራዋን አምጥቼልዎታለሁ፣ እንደ እኔ ይምከሩልኝ። ከስልኳ ቀና ካለች የምትሰማ ልጅ ናት።»

«እኔማ እሰማለሁ» አለች ሜሮን እየሳቀች። «ግማሹን የምትሰሚ አንቺ ነሽ።»

«ውይ! አዩዋት፣ በጆሮዬ ስትቀልድ!» ትርሲትም ሳቀች። በቤታቸው የተለመደ ቀልድ ነበር። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

«ጆሮዋ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት ልጅቷን።

ሳቋ ቆመ። «እማዬ አባዬ መቶኝ ነው ትላለች። አባዬ ወድቃ ነው ይላል። አክስቶቼ ደግሞ ‹እናትሽ ሽማግሌ ፊት ውሸቷ ታውቆባት ጉልበት ስማለች› እያሉ ነው ያሳደጉኝ። እውነቱን ልንገርዎት እማማ፣ ማንን እንደማምን አላውቅም። መጠየቅ ትቻለሁ።»

ትርሲት መሬት መሬት ታያለች። እኔ እንዳልናገር ያደረገኝ የለም፤ ከራሴ በቀር።

«እናትሽ አልዋሸችም» አልኩ። «መቷት ነው። ደሙን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ አላየሁም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ትርሲት ቀኝ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። ያልሰማች መሰለኝና ደገምኩት።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ነገርኳቸው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ዋሽቼሻለሁ።»

 «እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት አመሰገንኩዎ። እሱን አሁን ምን ላድርገው?» አለችኝ።

 ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «ልጄን እርስዎ አይመክሯትም። እሑድ የልጁ ሽማግሌዎች ሊጠይቁን ይመጣሉ። ታደሰ በአባትነቱ ይቀመጣል፤ እህቶቹም አሉ። አሁን ያሉትን እርስዎ እዚያ ይሉታል» አለች። ደህና ይዋሉ አላለችኝም። ከዚያ በፊት ሳትለኝ ወጥታ አታውቅም።

እሑድ ገላን ሄድኩ። የሙሽራው ሽማግሌዎች ገና አልደረሱም። ታደሰ በሶፋው መሐል ተቀምጧል፤ እህቶቹ ግራና ቀኙ። ከእነዚያ አምስት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት አቶ ደጀኔ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በሴቷ ወገን ተጠርተው ነበር። ትርሲት ወንበሯን ጓዳው በር ላይ አድርጋለች።

ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ሐሙስ እንደነበረ፣ ደም እንደነበረ፣ እንዳጠብኩት፣ እንደዋሸሁ።

ታደሰ አልተቆጣም። ፈገግ አለ። «እትዬ አርጅተዋል። የሆነውና ያልሆነው ተደባልቆባቸው ነው። ዛሬ የደስታ ቀን ነው፣ አስቀምጧቸው» አለ። ታላቅ እህቱ «እህ፣ እንዲህ ያለ ነገር አሁን ነው የሚታወሰው?» ብላ ሳቀች። እውነት እየተናገርኩ የሚያምነኝ አጣሁ። ትርሲት በወጣትነቷ ሳሎኔ ውስጥ የቆመችው እዚህ ቦታ ነበር።

አቶ ደጀኔ ምርኩዛቸውን ያዙ። «አልተደባለቀባቸውም» አሉ። «ያን ቀን የልጅቱን ፊት አይተን ሁላችንም ጠርጥረን ነበር። የቀረን የእትዬ አንድ ቃል ነበር።»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። አምስት ወንዶች፣ አሥር ዓይን፣ የእኔን አፍ ነበር የሚጠብቁት? ፈርቶ ያልፈረደ ሽማግሌ ምን ይሉታል? ንዴቴ ግን ወዲያው ወደ ቤቱ፣ ወደ ራሴ፣ ተመለሰ። ብናገርም አይሰሙኝም ነበር ብዬ ራሴን ያባበልኩበት ጊዜ ነበር። ለካ ይሰሙኝ ነበር። አንድ ቃል ነበር የቀረው፤ ያ ቃል እኔ ዘንድ ነበር።

ሜሮን ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ወድቃ ነው?»

ታደሰ የኮቱን ቁልፍ ነካካ።

«አባዬ።»

«አሁን ሰው ሊመጣ ነው» አለ።

ልጅቷ ጓዳው በር ሄደች። እናቷን ክንዷን ይዛ አስነሳችና ወንበሩን ራሷ ተሸክማ መሐል ሳሎን አመጣችው፤ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። «ሲመጡ የምትሰጪኝ አንቺ ነሽ» አለቻት። ትርሲት ተቀመጠች። ታደሰ ለቡና እንኳ ሳይቆይ ከእህቶቹ ጋር ወረደ። እኔም ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ ወጣሁ፤ ቆዪ ያለኝ የለም፣ መባልም አልነበረብኝም።

ሐዋርያው የጻፈውን አልጠላሁትም። ዛሬም አምንበታለሁ፤ ሚስትም ታክብር፣ ባልም እስከ ሞት ይውደድ። ሁለቱ ባንድ ላይ የታዘዙ ናቸው። አንዱን ከሌላው ለይቶ የሰጠ ሰው መጽሐፉን አልሰጠም፤ ዱላ ነው ያቀበለው። ስንቱን ዱላ እንዳቀበልኩ እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ከዚያን ወዲህ ትርሲት አልመጣችም። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ልማድ አለባት፤ ተንበርክካ ይቅርታ መጠየቅን ያስተማርናት ሴት ይቅርታ መስጠትም አያቅታትም። ያንንም አልወስድባትም። በባለቤቴ አላመካኝም፤ አላዘዙኝም። በዘመኑም አላመካኝም፤ በዚያው ዘመን ደም ቀይ ነበር። አይቼ ነበር፤ ተጠየቅሁ፤ አላየሁም አልኩ።