ጨለማ ነው ያሏት ቀን

አክስቴ ፋይበር ትቀጥላለች። ከፀጉር የቀጠነውን የመስታወት ክር ልጣ፣ ጫፉን ቆርጣ፣ ጫፍ ለጫፍ ታገጥመውና በማሽን ታቀልጠዋለች፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፣ ብርሃንም ሳይደናቀፍ ያልፍባቸዋል። በስልክ ኩባንያው ሁሉም «ቋጠሮ» ይሏታል። ቋጠሮ በፋይበር ላይ ነውር ነው። የእሷ ሥራ ቋጠሮ ስለማያውቅ ነው ስሙን ገልብጠው የለጠፉባት፤ እሷም ለመደችው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ኩባንያው የፋይበር ቀጣዮቹን ክፍል ዘግቶ ሥራውን ለተቋራጭ ሲሰጥ ጓደኞቿ ሁሉ ተሰናበቱ። እሷ የተረፈችው ኩባንያው ከዩኒቨርሲቲው ጋር በተዋዋለው አንድ ጥናት ምክንያት ነበር። አለቃዋ አልደበቃትም፤ ለጥናቱ የተሰጠው፣ እሷ የምትጠብቀው የፋይበር መስመር ከዩኒቨርሲቲው ጋር እስካለ ድረስ እንደምትቆይ፣ ከተመለሰ ግን ምንም ማድረግ እንደማይችል ነገራት። ጡረታዋ ገና ነበር፤ ዓይኗ ደግሞ መድከም ጀምሯል። የዚያን ቀን ማታ ሽንኩርት እየላጠች «መቀጠልስ አውቃለሁ፤ መቀጠር ነው የሚቸግረኝ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ጥናቱ የኳንተም ኢንተርኔት የሚባለው ነው። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። በእነሱ መስመር ብርሃን እንደ ጎርፍ እንደሚሄድ፣ ከደከመም መንገድ ላይ እንደሚያጠነክሩት ነገረችኝ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ግን ብርሃንን ቅንጣት በቅንጣት ነው የሚልኩት፤ ማጠንከር የለም፣ መንካት የለም። መንገድ ላይ የነካው ካለ ቅንጣቷ ትለወጣለች፣ ሰላይ ቢኖርም ይታወቃል። ኩባንያው የጓጓው ለዚህ ነበር፤ ማንም ሊሰርቀው የማይችል መልእክት ለመሸጥ።

«አንቺን ነው የምትመስለው» አለችኝ። «ሰው ሲያይሽ ሌላ ሰው ትሆኛለሽ።»

የጥናቱ መሪ በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት የሚሠራ ዶክተር ነው። ቅንጣቷ በሌላ ብርሃን እንዳትዋጥ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ይጋርዳል፣ የመሣሪያዎቹን ጠቋሚ መብራት ሳይቀር በፕላስተር ይሸፍናል፣ እዚያ ውስጥ ድምፁን እንኳ ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። የኩባንያው ሠራተኞች «ዶክተር ድንግዝግዝ» ብለው ስም አወጡለት። አክስቴን «እትዬ» ይላታል፤ እሷም በሌለበት «ያ ልጄ» ትለዋለች።

የኩባንያው ኃላፊዎች ሙከራውን መጥተው ሊያዩ ቀን ተቆረጠ። ከወደዱት ውሉ ይራዘማል፤ ካልወደዱት መስመሩን ይወስዱታል። አክስቴ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት በመስመሩ ላይ ያለውን ማንሆል ሁሉ እያስከፈተች፣ በጉልበቷ ተንበርክካ የጠረጠረችውን ቅጥል ቆርጣ እንደገና ሠራችው። ቤት ስትገባ ጣቶቿ ላይ የመስታወት ስብርባሪ እፈልግላት ነበር። አይታይም፤ የሚታወቀው ስትጨብጪው ነው።

በቀኑ ጠዋት እሷ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ በኩባንያው ማዕከል፣ ከላኪው መሣሪያ አጠገብ ነበረች። ዶክተሩ ላቦራቶሪው ውስጥ ከተቀባዩ መሣሪያ ጋር ነው። ሌላ ጊዜ ከአክስቴ ጋር ሆና ስልክ የምታነሳው አንዲት የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነበረች። ያን ቀን ግን ተማሪዋ እንግዶቹን በር ላይ እንድትቀበል ተላከች። ስለዚህ ስልኩ ሲጮኽ አክስቴ አነሳችው።

«እትዬ፣ ጨለማ ነው» አለ ዶክተሩ በሹክሹክታ።

በእነ ዶክተሩ ቤት ይህ የምሥራች ነው። ከውጭ ሾልኮ የሚገባ ብርሃን የለም፣ መስመሩ ንጹሕ ነው፣ መጀመር እንችላለን ማለት ነው። በአክስቴ ቤት ግን መስመር ጨለመ ማለት ተቆረጠ ማለት ነው። በሠራችበት ዘመን ሁሉ ዝናብ ላይ ያስወጣት፣ ከምሳዋ ያስነሳት ይህ ቃል ነው።

«ምኑ?» አለች።

«ሁሉም። ድርግም ብሏል።»

ሹክሹክታው የድንጋጤ መሰላት።

«አይዞህ ልጄ፣ አሁን እልክልሃለሁ።»

«ይላኩ እትዬ» አለ፤ ቅንጣቶቹን መስሎት።

የላኪውን ገመድ ነቅላ መሞከሪያ መብራቷን ሰካች። መስመር ሲቆረጥ የት ላይ እንደተቆረጠ የሚታወቀው ኃይለኛ ብርሃን ሰዶ በማየት ነው። ቁልፉን ተጫነች። መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደህና ነበር፤ አንድ እንከን የለውም። ሥራዋ ያን ያህል አምሮ አይታው አታውቅም። የምሥራቹን ልትነግረው ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የላኩት?»

«መብራት» አለች።

ተቀባዩ አንዲት ቅንጣት እንዲሰማው የተሠራ ነበር፤ በዚያ ጎርፍ ተቃጠለ። ምትክ የለውም፤ ከሩቅ አገር ታዝዞ እስኪመጣ ውሉ ያልቃል። ኃላፊዎቹ ሲገቡ ዶክተሩን ጨለማው ውስጥ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጦ አገኙት።

በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ ኩባንያውና ዩኒቨርሲቲው ጥፋቱን ሲወራወሩ ቆዩ። አክስቴ ተነስታ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። ዶክተሩም ቃሉን ሳላስረዳት የቀረሁት እኔ ነኝ አለ። አለቃዋ ሁለቱን እያየ፣ ይኸው ትብብራችሁ አሁን ገና ሠመረ ብሎ አላገጠ፤ ከዚያ መስመሩ እንዲመለስ ተወሰነ።

አክስቴ ቤት ገብታ የሥራ ጃኬቷን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ትላለች፣ ደግማ ትለዋለች። በበነጋው አለቃዋን ማዕከሉን ልጥረግ ብላ ለመነችው፤ ጠራጊም በተቋራጭ ነው አላት። ተቋራጩ ዘንድ ሄደች። ልጇ የሚሆን ጎረምሳ አንድ ክር ሰጥቶ ቅጠይ አላት። ክሩ ሦስቴ ተሰበረባት። «እንደውላለን እማማ» አላት። ስልኳን ለሳምንት ከእጇ አልለየችውም። ባትሪው ሲያልቅ ቻርጀሩን የምሰካላት እኔ ነበርኩ።

የመጨረሻ ሥራዋ ያንኑ መስመር ከተራው ኔትወርክ ጋር ማገናኘት ሆነ። ይህን የምታደርገው እሷ እንድትሆን ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ምናልባት ማንም አላሰበውም። እኔ ላመጣት ሄጄ በማዕከሉ በር አጠገብ ቆሜአለሁ። ዶክተሩ ላኪውን መሣሪያ ሊወስድ መጥቶ በካርቶን ይጠቀልላል። አክስቴ የመጨረሻዋን ቅጥል ሠርታ ቀና አለችና መለኪያውን እንዲያይላት ጠየቀችው።

«ብርሃን አለ?»

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየ።

«አለ፣ እትዬ። ብዙ ነው።»

አክስቴ የቅጥሉን ሳጥን ዘጋች። መውጫው ላይ ዘበኛው የመቀጠያ ማሽኑን ከነቦርሳው ተቀበላት። ያን ቦርሳ ዕድሜዋን ሙሉ በግራ ትከሻዋ ተሸክማዋለች፤ ክብደቱን ለማመዛዘን ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ነው የምትሄደው። እስከ ፌርማታው ድረስ አብሬአት ሄድኩ። ትከሻዋ ላይ ምንም የለም፤ እሷ ግን እንደዘነበለች ነበር።