ዘበኛዬን ያሰርኩበት በልግ

በረኪና ሲሸተኝ እጄ ሳላውቀው ወደ ብሽሽቴ ይሄዳል። ትናንት እንኳ መሥሪያ ቤት ወለሉን ሲያጸዱ እንዲሁ ሆኜ፣ ሰው አይቶኝ ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ይህን ያህል ዘመን አልፎ! ሳቂብኝ፣ ግድ የለም። ብቻ መጀመሪያ ስሚኝ።

እናቴን “አዬ” ነበር የምላት። በወላይትኛ እናት ማለት ነው፤ አማርኛ ብቻ ለሚሰማ ግን ሁልጊዜ የማዝን ይመስለዋል። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሶዶ ውስጥ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ እኔና እሷ ብቻ እንኖር ነበር። አዬ ገበያ ቦዬ የሚባለውን የአገራችንን ሥራ ሥር ትሸጣለች። ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ ድረስ ያበጠ ስለነበር ቀሚሷን መሬት እስኪጠርግ አስረዝማ ትለብሳለች፤ ጫፉ ሁልጊዜ ቀይ ጭቃ ነው። ሰው “የዘር ነው” ይል ነበር፤ ያው ሰው ዞር ብሎ “ይጋባል” ይላል። ዘርም ሆኖ፣ ተጋቢም ሆኖ እንዴት እንደሚሆን የጠየቀ አልነበረም። አባቴ እግሯ ማበጥ ሲጀምር ጥሎን ሄደ።

እሷም ሰው ያለውን አመነች። የራሷ ሳፋ፣ የራሷ ኩባያ፣ የራሷ ሰሌን ነበራት። እኔን አልጋ ላይ አስተኝታ እሷ መሬት ትተኛለች። ጠጋ ካልኳት “ራቅ በይ!” ነው። ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝም፣ ወድቄ ሳለቅስም “ራቅ በይ!” ነው መልሷ። እኔ እንግዲህ አትወደኝም ብዬ ቆርጬ ነበር። የልጅ ነገር፣ ሌላ ምን ላስብ?

አሥራ ሁለት ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ በልጉ ጠንክሮ በዘነበበት ወቅት፣ የፕላስቲክ ጫማዬ ተበጠሰ። አዬ ገበያ ወጥታለች፤ ፈተና አለብኝ፤ በባዶ እግሬ ብሄድ ልጆቹ ይስቁብኛል። ከጓዳ የእሷን፣ ጠቧት የተወችውን ሸራ ጫማ አወጣሁና አደረግኩት። የግራው እብጠቷን እንዲችል ጎኑ በቢላ የተቀደደ ነበር። የተቆረጠው ጎማ ተረከዜን ሲፈገፍገኝ ዋለ። ማታ ሳትመጣ አጥቤ ቦታው መለስኩት። ተረከዜ ተልጦ ነበር፤ በቀሚሴ ጫፍ ሸፈንኩት።

በአራተኛው ቀን ፊቴን ታጥቤ ስነሳ ብሽሽቴን ወጋኝ። በጣቴ ዳሰስኩ። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር ከቆዳዬ ሥር ተደብቋል፤ ስነካው አንገበገበኝ። በግራ በኩል ነው! የቀበሌው ቦኖ ጋ ጀሪካን ይዘን ስንሰለፍ አንዲት ጎረቤታችን የተናገረችው ወዲያው ትዝ አለኝ፦ “መጀመሪያ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይሆናል፤ ከዚያ ወደ እግር ይወርዳል።” አዬ አላመጣችብኝም፤ ራሴ በገዛ እጄ ጫማዋን ሰርቄ ወሰድኩት።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቀደድኩና ጭኔን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ወደ እግሬ እንዳይወርድ መንገድ መዝጋቴ ነው እንግዲህ! ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቁርጭምጭሚቴን በክር እየለካሁ ክሩን እቋጥራለሁ። በሁለተኛው ቀን ቋጠሮው አልገጥም አለ። በሦስተኛው ከዚያም ባሰ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እኔ ዴስክ ሥር እግሬን እዳስሳለሁ። ቀሚሴ ወደፊት የሚጠርገውን ጭቃ በሐሳቤ አየዋለሁ፤ ገበያ ውስጥ ከሰው ተለይቼ ስቀመጥ አየዋለሁ። ሰውነቴ ይግላል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ለማን ልናገር?

ጀሪካን ተሸክሜ ስገባ ደጃፉ ላይ ወደቅኩ። አዬ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ ቀሚሴ ተገልቦ ጭኔ ላይ ያለውን ጨርቅ አየች። ልታነሳኝ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

“ጫማዬን አድርገሻል?” አለችኝ።

“አላደረግኩም” አልኩ። ቀና ብዬ ሳያት ግን መዋሸት አቃተኝ። “አድርጌያለሁ” አልኳት።

መሬት ላይ ዘፍ አለች። “ወየው ጉዴ! በልጄም መጣብኝ!” ያለችበት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዳገቱ ላይ እግር ላበጠባቸው ሰዎች የተለየ ቀን ያለው ክሊኒክ ነበር። አዬ እዚያ መታየት ሞት ስለሆነባት አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። ለእኔ ስትል በማግስቱ፣ ቀኑም እሱ ነበርና፣ ይዛኝ ሄደች። ግቢው በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ሽማግሌው፣ ወይዘሮው፣ ወጣቱ በረኪና ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ እግሩን ነክሮ በተርታ ተቀምጧል። እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም።

አዬ አማርኛ ስትናገር ሴቱንና ወንዱን ትቀላቅላለች። ሊያየን ለመጣው ወንድ ነርስ “ልጄ ታሟል” አለችው።

“የታለ ልጁ?”

“ይሄው!” ብላ እኔን ጠቆመችው።

ነርሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጨርቁን ፈታ። “ማነው ያሰረሽ?”

“እኔ ነኝ።”

“ጎበዝ! ሌባው ገብቶ ሳለ ዘበኛውን አስረሻል።”

ከዚያ ተረከዜን እያጠበ አስረዳኝ። ሰውነት ውስጥ ከደም ሌላ ንጹሕ ፈሳሽ አለ፤ ከእግር ተነስቶ በቀጫጭን ቧንቧ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ብሽሽት፣ ብብትና አንገት ላይ ቆሻሻውን የሚያጠሩ እጢዎች አሉት። “ንፍፊት የምትሉት በሽታው አይደለም” አለኝ። “በቁስልሽ ጀርም ገባ፤ እጢው እየተዋጋ ነው ያበጠው። እግርሽ ያበጠው ደግሞ ከቁስሉ ሌላ ፈሳሹ መመለሻ ስላጣ ነው፤ አንቺ አንቀሽው!” ኪኒኑን ከጨረስኩና ቁስሉን በንጽሕና ከያዝኩ እንደሚጎድል ነገረኝ።

ወደ አዬ ዞረ። “የእርስዎስ፣ እናቴ? ቀሚሱን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ።” እንቢ ብላ ቆየችና አደረገች። የእሷም እነዚያው ቧንቧዎች እንደሆኑ ነገራት፤ ቀዩ አፈር ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ሲረገጥ በቆዳ እየገባ ይጎዳቸዋል፤ ፈሳሹም እዚያው ይቀራል። በአንዳንድ ቤተሰብ ይበዛል፤ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገን ግን አያገኘውም። “ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም” አለ።

አዬ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። “አይጋባም?”

“አይጋባም።”

“አብሮ ቢተኛስ?”

“አብረው ቢተኙም።”

“ልጅ… ልጅ ቢያቅፉስ?”

ነርሱ ፋሻውን አስቀመጠ። “ቢያቅፉም፣ እናቴ” አላት፣ ቀስ ብሎ።

አዬ የሰጣትን የቅባት ብልቃጥና ሳሙና በነጠላዋ ቋጥራ ወጣች። ዳገቱን ስንወርድ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። እኔ ከጭንቀቴ ገና አልወጣሁም፤ በየእርምጃው ብሽሽቴን ይወጋኛል። መንገዱ አጋማሽ ላይ እጄን ያዘችኝ። አያያዙን አታውቅበትም ነበር፤ ገበያ ዶሮ እንደሚያዝ አንጓዬን ነው የያዘችው። እጇ ሻካራና ሞቃት ነበር።

ያን ጊዜ ተማሪ ቤት ተለቆ ልጆች ከታች ብቅ አሉ፤ ሁለቱ የክፍሌ ናቸው። ከክሊኒኩ በኩል፣ ቀሚሷን ከምትጎትት ሴት ጋር እጅ ለእጅ! እጄን መንጭቄ አስለቀቅኩና “ሰው ያየናል!” አልኳት።

አልተቆጣችም። “እውነትሽን ነው፤ ትልቅ ልጅ ሆነሻል” አለችኝና ልጆቹ እስኪያልፉ ወደ አጥሩ ተጠግታ ጀርባዋን ሰጠች።

እግሯ በኋላ በጣም ጎድሎላታል፤ ጫማም አድርጋ ገበያ ወጥታለች። እጄን ግን ሁለተኛ አልያዘችም። እኔም ያዢኝ አላልኳትም፤ ነገ እላታለሁ፣ ነገ እላታለሁ ስል አለፈች።