በሰማያዊ ሳፋ የተለወጠችው ዱካ

ትናንት ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ በረንዳችን ላይ አንድ ጆንያ ቀይ አፈር ተቀምጦ አገኘሁ።

"የምን አፈር ነው?" አልኩ።

እናቴ ከማጀት ሳትወጣ፣ "ከአገሬ ከፈረስ ቤት አስመጥቼው ነው። ለእንቁጣጣሽ የሳሎኑን ግድግዳ ራሴ ልቀባው ነው" አለችኝ።

ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ጮህኩ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ እሳት የተነሣ መስሏቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

በአንድ ጆንያ አፈር እንዲህ የሚያስጮህ ምን አለ የምትሉ ትኖራላችሁ። አትፍረዱብኝ፣ እናቴን አታውቋትም። የገጠር ነገር ከደጃፏ እንዳያልፍ ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንደ እኛ ሳሎን የፕላስቲክ ጽጌረዳ የበዛበት ቤት አለ ቢሉኝ አላምንም። የአማርኛ መምህራችን ሰኔ ላይ ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡ በኋላ፣ "አንቺ ልጅ፣ ስትናደጂ ነው የሚያምርልሽ" ብለውኝ ነበር። እንግዲያው ዛሬ ደስ ብሎኝ ሳለ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ንዴቴን ልጻፈው። በርዶልኛል ብዬ አልዋሽም። ገና ስጀምረው ጆሮዬ ግሏል።

ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በአባቴ ስልክ የቤት ማስጌጥ ቪዲዮ ሳይ ነበር የምውለው። ሰዎቹ አሮጌ በር ጠረጴዛ ያደርጋሉ፣ ከመንገድ ዳር የለቀሙትን ቅጠል በማሰሮ ይተክላሉ፣ ቤታቸው ከሌላ ሰው ቤት ጋር አይምታታም። ከስልኩ ቀና ስል የማየው ደግሞ የእኛን ሳሎን ነው። ሶፋ። ባለ መስታወት ቡፌ፣ ውስጡ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች። ከኮርኒሱ ሥር ዙሪያውን የፕላስቲክ ጽጌረዳ። እናቴ ጽጌረዳዎቹን በየወሩ አውርዳ በሳሙና ታጥባቸው ነበር። አበባ በሳሙና!

በዚያው ዓመት ጳጉሜ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው በአባቴ አገር፣ አክስቴ እታገኝ የሣር ቤታቸውን አፍርሰው በቆርቆሮ ሊሠሩ ሆነ። አባቴ ሊያግዛቸው ሲሄድ ተከተልኩት። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለእንግጫ ነቀላ ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ ወደ ረግረጉ ወርደው እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ። ከዚያ ጎንጉነው፣ በነጋታው ማለዳ ከአደይ አበባ ጋር በቤተሰቡ ራስ ላይ፣ በምሰሶው፣ በበሩ፣ በመሶቡ ያስሩታል። እኔም እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ነቀልኩ። እጄ ሁለት ቀን ሙሉ እርጥብ አፈር እርጥብ አፈር ሲሸተኝ ሰነበተ።

ስንደርስ ቤቱ ግማሹ ፈርሶ ነበር። ከአንድ ዋንዛ የተጠረበው የበሩ ሳንቃ ተነቅሎ አጥሩን ተደግፏል።

"እታገኝ፣ ይህን ሳንቃ ምን ሊያደርጉት ነው?" አልኳቸው።

"ምን አደርገዋለሁ እናቴ፣ ለዶሮ ቤት ይሆናል እንጂ።"

"ለእኔ ይስጡኝ።"

"ለምንሽ? ከተማ በር ጠፋ?"

"ለጌጥ ነው።"

"ለጌጥ!" ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። "አንተ፣ ይቺ ልጅህ ደኅና ናት?"

ሳንቃውን ሰጡኝ። ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የወጣ የቀንድ ዋንጫም አገኘሁና እሱንም ወሰድኩ። ልንሄድ ስንል እታገኝ ከፈረሰው ቤት ገብተው አንዲት ዱካ ይዘው ወጡ። ዱካ ሦስት እግር ያላት አጭር መቀመጫ ናት። ጭስ ጠጥታ ጠቁራለች፣ መሐሏ በመቀመጥ ብዛት ጎድጉዷል።

"እናቴ አራስ ሆናም፣ አርጅታም የተቀመጠችባት ናት" አሉኝ። "ልጆቼ አዲሱ ቤት የሚገባው ወንበር ነው ብለዋል። እኔ ደግሞ ስትጣል ማየት አልችልም። አደራሽን ትርንጎዬ። ስመጣ እቀመጥባታለሁ።"

አደራውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። መምጫቸውም ሩቅ አልነበረም። የታላቅ እኅቴ የሰብለ ሽማግሌዎች በመጪው እሑድ ሊመጡ ነውና የአባቴ እኅት አይቀሩም።

ቤት እንደገባን ሥራ ጀመርኩ። ሳንቃውን በሳሎኑ ማዕዘን ሁለት ብሎኬት ላይ አጋድሜ መደርደሪያ አደረግኩት። ዱካዋን አጠገቡ አስቀመጥኩና አንዱን እግሯን በእንግጫ ጉንጉን አሰርኩት። የቀንድ ዋንጫውን አደይ ሞልቼ መሐል ጠረጴዛው ላይ፣ ዋናው ቦታ፣ አቆምኩት። ወደ ኋላ ብዬ ሳየው ማዕዘኑ የእኛ፣ የእኛ ብቻ ሆነ።

እናቴ ከሥራ ገባች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ለእሑድ ነው፣ ለሰብለ።"

ዋንጫውን አንሥታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "አበባውን ምን ውስጥ እንደከተትሽው ታውቂያለሽ?"

"ዋንጫ ውስጥ።"

"የኮሶ ዋንጫ ነው! ይኼ ጭረት አይታይሽም? ከሌላው መጠጫ እንዳይቀላቀል የሚደረግ ምልክት ነው። ሽማግሌ ፊት የኮሶ መጠጫ ልትደቅኚልኝ ነው? ልጃችን እንደ ኮሶ ትመራለች በያቸው በቃ!"

ሰብለ ከሳቋ ብዛት ሶፋው ላይ ተደፋች። እኔ ማፈር ነበረብኝ፣ አፈርኩም። ግን እንዲህ ያለ ሐፍረት እልህ ነው የሚሆነኝ።

"እሺ፣ ዋንጫው ይውጣ። ዱካዋ ግን የእታገኝ አደራ ናት።"

"የጭስ ዕቃ ቤቴ አያድርም።"

"ቤቱ የእኔም ነው!"

"የራስሽን ስትሠሪ ከፈለግሽ በረት አድርጊው" ብላ ማጀት ገባች። አባቴ እንደ ልማዱ ጋዜጣው ውስጥ ተደበቀ። በእሱም ተናደድኩ።

ዓርብ ዕለት ለምዝገባ ትምህርት ቤት ሄጄ ስመለስ ማዕዘኑ ባዶ ነበር። ተጠርጎ፣ ተወልውሎ። ጓሮ ወጣሁ። ልብስ ማጠቢያው ጋ አዲስ ሰማያዊ ሳፋ ተደፍቷል፣ ገና ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። ገባኝ። "ልዋጭ! ልዋጭ!" እያለ አሮጌ ዕቃ ወስዶ በምትኩ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጠው ሰውዬ በሰፈራችን አልፏል። የአንድ ዘመድ ሙሉ ዕድሜ በሳፋ ተለውጧል።

እየሮጥኩ ወጥቼ ሰውዬውን መናኸሪያው አጠገብ ደረስኩበት።

"ሦስት እግር ያላት ዱካ የት አለች?"

"እሷማ ቡሬ ገብታለች። የእንጨት ዕቃ የምናስረክበው ለጋሽ ሁሴን ነው። መኪናው አሁን ነው የወጣው።"

"ሳንቃውስ?"

"ሳንቃው ወፍራም ነበር፣ ማገዶ ሻጮች ወሰዱት። ምነው፣ ወርቅ ነበረበት?" ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ዛሬም ሕልሜ ውስጥ ይመጣል። ሳንቃው ደግሞ በቃ፣ የለም። የማን ዳቦ እንደተጋገረበት እንኳ አላውቅም።

ቤት ተመልሼ ወንበር ላይ ወጣሁና የፕላስቲክ ጽጌረዳዎቹን አንድ ሳላስቀር አወረድኳቸው። ቦርሳዬ ውስጥ ጠቀጠቅኳቸው። እናቴና ሰብለ እትዬ ጥሩዬ ዘንድ ድግሱን ሲያዘጋጁ አምሽተው፣ አባቴም ተኝቶ ስለነበር ያየ የለም። ቅዳሜ ማለዳ፣ ማንም ሳይነሣ፣ የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

መስከረም የገባበት ሰሞን ነው። ዳገቱ ሁሉ ቢጫ፣ ጤፉ አረንጓዴ፣ አስፋልቱ ከሌሊቱ ዝናብ ይተናል። ማንኩሳ ላይ ስንቆም ሴቶች የተጠበሰ እሸት በቆሎና የተቀቀለ ድንች ከነአዋዜው በመስኮት ዘረጉልን። ተሳፋሪው ሁሉ ይበላል። እኔ ለእናቴ የምናገረውን ንግግር በልቤ እያዘጋጀሁ ስለነበር ምግብ አላሰኘኝም። ወደ እታገኝ አገር የሚገነጠለውን መንገድ ስናልፍ ፊቴን አዞርኩ።

የጋሽ ሁሴን መጋዘን ከገበያው ጀርባ ነው። ማሾ፣ የተሰበረ ሬዲዮ፣ ጠፍሩ የተበጠሰ አልጋ ተከምሯል። እሳቸው ቆባቸውን ደፍተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

"ምን ጠፋብሽ ልጄ?"

"ዱካ።"

"ዱካ ሞልቷል፣ ምረጪ።"

ከአሥር በላይ ዱካ ነበር። ሁሉም ባለ ሦስት እግር፣ ሁሉም ጥቁር፣ የሁሉም መሐል የጎደጎደ። አላወቅኳትም! ስለ አደራ ስጮህ የነበርኩት እኔ፣ ዕቃዋን በአግባቡ እንኳ አላየኋትም። እንባዬ መጣ። አንድ በአንድ ሳገላብጥ የአንደኛዋ እግር ላይ የደረቀ የሣር ጉንጉን አየሁ።

"ይቺ ናት። እኔ ነኝ ያሰርኩት። እናቴ ሳታስፈቅደኝ ለልዋጭ ሰጠቻት።"

ጋሽ ሁሴን ተቀብለውኝ ጉንጉኑን አዩት። "እንግጫ! ይኼን ሳላይ ነው የተረከብኩ። ጎረቤቶቼ እኔ በር ላይ ሳይቀር በየዓመቱ ሲያስሩልኝ ነው ያደግኩ። ይኼ የታሰረበት ዕቃ የራሱ ቤት አለው፣ አልሸጠውም። ውሰጃት።"

"እንዲሁማ አልወስድም" ብዬ ቦርሳዬን ገለበጥኩ። ጽጌረዳው መሬቱን ሞላው።

"ይኼ ደግሞ የማን ነው?"

"የእናቴ።"

"ታውቃለች?"

ዱካዋን ማገላበጥ ጀመርኩ።

"እንግዲያ አንቺና እናትሽ አንድ ናችሁ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ዱካዋንም ውሰጂ፣ አበባውንም መልሺ። ሁለቱም የሰው ነው።"

በእሳቸውም ተናደድኩ! ዕቃዬን በነጻ የመለሱልኝን ሽማግሌ በልቤ እየተሳደብኩ፣ ጽጌረዳውን እሳቸው ፊት ተንበርክኬ ለቀምኩ። ትክክል የተናገረ ሰው እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ግድግዳው ራቁቱን ነው።

"የት ነበርሽ?"

"ቡሬ።"

"ቡሬ? ብቻሽን?"

"አደራዬን በሳፋ ስትለውጪ ማን ነግሮኝ!"

ልትመታኝ መስሎኝ ነበር። ቦርሳውን ቀምታኝ ጓሮ ሄደች። ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልታ ጽጌረዳዎቹን ማጠብ ጀመረች። እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ ለእኔም ሆነ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረችኝ።

"ከፈረስ ቤት ለትምህርት መጥቼ ቤት ተከራይቼ ስቀመጥ፣ የክፍል ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው 'ጭስ መጣች' ይሉኝ ነበር። ስሜ ጭስ ነበር። ዓመቱን ሙሉ። ቤት ሲኖረኝ ጭስ የነካው ነገር አይገባበትም ብዬ የማልኩት ያኔ ነው።"

አዘንኩላት። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ ያን ቀን አወቅኩ።

"ዱካዋ ማጀት ትቆይ" አለች። ከዚያ በላይ አልሄደችልኝም።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እታገኝም በነጠላቸው አጊጠው መጡና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዐይናቸው አንዴ በሳሎኑ ማዕዘናት ሁሉ ዞረ። ከዚያ እጃቸውን ማየት ጀመሩ። ዱካዋ የት አለች ብለው አልጠየቁም። አለመጠየቃቸው ነው የገደለኝ።

ተነሣሁ። ማጀት ገብቼ ዱካዋን አመጣሁና ሰው ሁሉ እያየ እፊታቸው አስቀመጥኳት። እናቴ ያየችኝን አስተያየት ልጽፈው አልችልም።

"ተመስገን!" አሉ እታገኝ ወዲያው ወርደው እየተቀመጡ። "ይኼ ሶፋ ሊውጠኝ ነበር።" ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን እናቴን ቀና ብለው አዩና፣ "የፈረስ ቤቷ ልጅ፣ ቤትሽ አምሯል። ግን ግድግዳውን ቀለም ቀቢ ነው የቀባው? አንቺ ልጅ ሳለሽ በቀይ አፈር ያስጌጥሽው ቤት ሠርገኛ ያቆማል ሲሉ ሰምቼ ነበር" አሏት።

እናቴ አቀረቀረች። ጣቷ ይህን የሚያውቅ ሴት ስር እያደርኩ፣ እኔ ከስልክ እማራለሁ! የኮሶውን ዋንጫ በጭረቱ የለየችው ለካ እንዲሁ አልነበረም። ይኼን ደብቃኛለች ብዬ፣ ከዱካዋም ከሳንቃውም ይበልጥ በዚህ ተናደድኩ።

ሰብለ ተዳረች። እናቴ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ዱካዋ ግን ሳሎን ቀረች። በየዓመቱ እንግጫ ስለማስርባት አሁን ሦስት ጉንጉን አላት። አንድ ቀን ሳይታሰብ ቤት ስገባ እናቴ እሷ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋት። እንዳየችኝ ብድግ አለች። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ትናንት ማታ ቀዩን አፈር በሰማያዊው ሳፋ በጠበጠችው። ከበሩ ጀርባ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ጣቷን ነክራ አንድ መስመር ሳበች። መስመሩ እንደ እንግጫ ጉንጉን ተጠማዞ ሄደ፣ አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

"እጅሽን ንከሪ" አለችኝ።

"ጽጌረዳዎቹስ ይወርዳሉ?"

"እነሱ የትም አይሄዱ። አርፈሽ ንከሪ።"

እንግዲህ ጽጌረዳውን ገና አላሸነፍኩትም፣ ይህም ያናድደኛል። እናንተ ግን የእንቁጣጣሽ ማለዳ በእኛ በኩል የምታልፉ ከሆነ ግቡ። ግድግዳው እስከዚያ ይደርቃል፣ እንግጫም በርከት አድርጌ እነቅላለሁ። ከቤታችሁ ለልዋጭ ልትሰጡት ያሰባችሁትን አንድ አሮጌ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ እናስርበታለን። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ። ዕቃው የቀንድ ዋንጫ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ጠርዙን ዳስሱልኝ።