ሁለቱ ዐሥራ አምስተኛ ሌሊቶች

ከዓለም ከተማ የተነሣሁት በጥቅምት፣ ጨረቃዋ ዐሥራ ሦስተኛ ሌሊቷን በምትይዝበት ቀን ማለዳ ነው። ጨረቃ ልከተል ብዬ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ስጠይቅ ርእሰ መምህሩ ሳቀብኝ። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ ግን ለትምህርቴ መስሎት ፈቀደልኝ። እውነቱን ለመናገር የላከችኝ እናቴ ናት።

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። ተድራ ወደ መርሐቤቴ ስትመጣ ታላቅ ወንድሟ እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኝተዋት፣ «በየወሩ በዐሥራ አምስተኛው ሌሊት ጨረቃን እይ። እኔም አያለሁ። አንድ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እንደግማለን» አሏት። ይህ ከሆነ አርባ ዓመት አልፏል። እናቴ ሙሉ ጨረቃ በወጣች ቁጥር በርጩማዋን ደጅ አውጥታ፣ ፊቷን ማዶ ወደሚታየው የመንዝ ተራራ አዙራ ትቀመጣለች። ወንድሟ ዛሬ ዘመሮ አጠገብ ባለ ደብር የሚያስተምሩ፣ አገሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ መነጋገር ትተዋል።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን ሰይድ፣ ጨርቅ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞረው ነጋዴ፣ የኔታ ቤት አድሮ መጣ። «ደኅና ናቸው። ጨረቃዋ ሌሊቱን ቀን አስመስላው እሳቸው ግን ራት እንደበሉ ለጥ አሉ» ብሎ አወራላት። ክፉ አስቦ አይደለም። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ አልበላ አላት። በመጨረሻ፣ «ሂድና ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ አብረሃቸው አምሽ። ምንም እንዳትጠይቃቸው። በዐይንህ አይተህ ብቻ ንገረኝ» አለችኝ።

ዐሥራ ሦስተኛ ሌሊት፣ ደብረ ብርሃን

ማዶ የሚታይ አገር ለመድረስ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ነው። አውቶቡሳችን ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ በሙቀቱ አላበን፣ ወደ ለሚ ሲወጣ ጆሯችን ተደፈነ። በሙከጡሪ አድርገን አዲስ አበባ ገባን። መኪና ቀይሬ ደብረ ብርሃን ስደርስ መሽቷል። የአልጋ ቤቱ መስኮት አልዘጋ ብሎ ስታገለው ጨረቃዋ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ነበረች። አንድ ጎኗ ገና አልሞላም። እናቴም አሁን እያየቻት ይሆናል ብዬ መስኮቱን እንደተከፈተ ተውኩት። ሲነጋ አፍንጫዬ ታፍኖ ነበር።

ዐሥራ አራተኛ ሌሊት፣ መሐል ሜዳ

በጣርማ በር ጉም ዋጠን። ሞላሌ ስንደርስ ገበያው ቆሟል። ጥብስ ያቀረበችልኝ ሴትዮ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ።

«ዘመሮ። ጨረቃ ለማየት።»

«እናንተ አገር አትወጣም?»

«ትወጣለች። የእናንተን ልይ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው ደኅና ብላ። በጥቅምት አንድ አጥንት ነው፤ የኛ ጨረቃ ከነብርዷ ነው የምትመጣው» አለችና መረቅ ጨመረችልኝ።

እውነቷን ነው። መሐል ሜዳ ማታ ሜዳው ሁሉ ነጣ። ገብሱ፣ የድንጋይ አጥሩ፣ የበጎቹ ጀርባ አንድ ቀለም ሆነ። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች በርኖሳቸውን ተከናንበው ያለ ድምፅ ያልፋሉ። ነቅቼ መሆኔን ተጠራጠርኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዐሥራ አምስተኛ ሌሊት፣ ዘመሮ

በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተንገጫግጬ ደረስኩ። የኔታ ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። ስለ እናቴ የጉልበት ሕመም ጠየቁ፤ መልሱን በጆሯቸው ጮኼ ነገርኳቸው። ፀሐይ ስትገባ ጨረቃዋ ሙሉ ሆና ወጣች። የገብስ ቂጣ በወጥ በላን። ደጅ እስኪወጡ ጠበቅኩ። የኔታ ጸሎታቸውን አደረሱ፣ «ደኅና እደር ልጄ» አሉና ተኙ።

ብቻዬን ደጅ ወጣሁ። ያ ሁሉ ብርሃን ሜዳው ላይ ፈሶ እኔ ግን ለእናቴ ምን እንደምል ነበር የማስበው። በአጎቴ ተናደድኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ለባዶ ሜዳ ስትጸልይ መኖሯን እንዴት አድርጌ ልንገራት?

ዐሥራ ዘጠነኛ ሌሊት፣ እዚያው

እስከ ገበያ ቀን መኪና አልነበረም። በአራተኛው ማታ፣ ሦስት ሰዓት አልፎ፣ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። የኔታ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ተከተልኳቸው። አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጨረቃዋን ጠበቁ። ጎድላ፣ ቀላ ብላ ወጣች። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሲጨርሱ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «ምን ያደርጋሉ፣ የኔታ?» አልኳቸው።

«ዛሬ ዐሥራ አምስተኛ ሌሊቷ ነው። ከእናትህ ጋር ቀጠሮ አለን።»

«ሙሉዋ እኮ ከአራት ቀን በፊት አለፈች!»

«የሰማይዋ አልፋለች። በባሕረ ሐሳቡ፣ በቤተ ክርስቲያን ቁጥር ግን ዛሬ ነው፤ ከሰማይዋ አራት ቀን ይዘገያል። በክረምት ጨረቃ በደመና ትጠፋለች፤ ቁጥር አይደመንም። ልጅ ሳለች በጣቷ አንጓ አስቆጥሬያታለሁ።»

እናቴ የምታየው ሙሉዋን እንደሆነ ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ይሻል ነበር ይሆን? የጣታቸውን አንጓ አንድ በአንድ ዳሰሱ። ከዚያ ሳቅ አሉ።

«እሷ ስትተኛ እኔ፣ እኔ ስተኛ እሷ። እንደ ማሳ ጠባቂ ተራ ገብተን ኖረናላ!» ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ቃሉን ጠብቋል በላት። ሌሊቱን አትንገራት፤ በዚያ ጉልበቷ በውድቅት ትወጣለች። እኔ እንደሆንኩ እንቅልፍ ትቶኛል፤ ሁለቱንም ሌሊት እቀመጣለሁ።»

ቤት

ስመለስ ጨረቃዋ መንምና የምትታየው ሊነጋ ሲል ብቻ ነበር። ለእናቴ፣ «በዐይኔ አይቻለሁ። ይጠብቃሉ» አልኳት። ደጋግማ አስማለችኝ። ማልኩላት፤ ሐሰት አልነበረማ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው ከዳን የምንለው ብዙ ጊዜ በራሳችን አቆጣጠር መሆኑን ነው። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

በኅዳር ሙሉዋ ጨረቃ ወጣች፤ እናቴ እንደ ልማዷ ተቀመጠች። በአራተኛው ሌሊት ነቅቼ ብወጣ በርጩማዋ ላይ ናት።

«እማዬ፣ ጉልበትሽስ?»

«ሰይድ አይዋሽም፤ አንተም አትዋሽም» አለችኝ። «ሁለታችሁም ልክ ከሆናችሁ የተሳሳተው ሌሊቱ ነው ብዬ አሰብኩ። በጣቴ ያስቆጠሩኝ ትዝ አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ በዚያ ውርጭ ብቻቸውን አስቀመጥኳቸው።»

እንባዋ ወረደ። ጋቢዬን ደረብኩላት፤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አቡነ ዘበሰማያቷን ጨረሰችና ወደ መንዝ ተራራ ቀና አለች።

«በቃ፣ አሁን ይግቡ ወንድም ጋሼ። እዚያ ብርድ ነው።»