ዱላን ጥሎ መሮጥ

ዛሬ ቤዝቦል ሜዳ ብድግ ብዬ፣ ኳሷን መትቶ ዱላውን ጥሎ ለሚሮጠው ተጫዋች «ዱላህን አንሳ!» እያልኩ በአማርኛ ጮኽኩ። ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣችውን የእህቴን ልጅ «ነይ፣ የአሜሪካኖችን ባህል ላሳይሽ» ብዬ፣ ያውም ቶሮንቶ ላይ፣ ከምኖርበት ከስካርቦሮ ሰፈር በአውቶቡስና በባቡር ያንገላታኋት አዋቂ አስጎብኚ እኔው ነኝ።

«ጋሼ፣ ኧረ ይቀመጡ! ሰው እያየን ነው።»

ተቀመጥኩ። ጉልበቴም ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ዱላው አፈሩ ላይ ሲንከባለል ግን ደሴ መጣችብኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ ይህንኑ ጨዋታ ያስተምረን ነበር። ወንድ አያቴ አንድ ቀን ሜዳው ዳር ቆመው ያያሉ። ኳሷን ጧ አደረግኳት። አስተማሪው በዚያ በሚያስቅ አማርኛው «ጣል! ሩጥ!» ይላል፤ አያቴ ደግሞ «ከእኔ ቤት ዱላውን ጥሎ የሚሸሽ ወንድ አልወጣም!» ይላሉ። መሃል ላይ ደርቄ ቀረሁ። በመጨረሻ ጣልኩትና ሮጥኩ። አያቴን በሰው ፊት አዋረድኳቸው ብዬ ዞር ስል፣ ዱላዬን አንስተው፣ እግራቸውን አንፈራጠው ሜዳው ውስጥ ቆመዋል።

«ሩጥ ልጄ! ከኋላህ እኔ አለሁ!»

ወደ ቤት ስንመለስ አያቴ እያለከለኩ፣ «ለመሆኑ ማን ነው ያባረረህ?» አሉኝ።

ደክሞኝ ስለነበር «ነገ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

ጨዋታው አሁንም አላለቀም፤ የእህቴ ልጅ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እኔም ደክሞኛል። ለአያቴ ያልሰጠሁት መልስ ግን እስከ ዛሬ አለብኝ።