የሐሙሱ እንስሳ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እጄ ቶሎ አይጽፍም፤ ሁለት መስመር ጽፌ መስኮቱን አያለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን እሱ ራሱ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ አውርቶ የማይጠግበውን ነው።

በጃንሆይ ዘመን ንፋስ መውጫ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ አገሩ ሩቅ። ሽማግሌ ልኮ ሲያስጠይቀኝ አባቴ ቀጠሮ ሰጡ እንጂ እሺ አላሉም። እዚያው አገራችን ባለው በቤተ ልሔም ደብር ድጓ የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ፤ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ደግሞ፣ ያ አስተማሪ ሰው ከጓጉንቸር ተወለደ ይላል ብለው ነግረዋቸዋል። እናቴን ያስፈራት ጓጉንቸሩ ሳይሆን የአገሩ ርቀት ነበር፤ አግብቶ ጥሏት ይሄዳል ብላ። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አባቴ፣ ራሱ መጥቶ ያስረዳኝ አሉ። ሰው ለራሱ ሚስት ሲለምን በአገራችን አልታየም። መጣ። እኔ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ፤ እናቴ ከኋላ ቀሚሴን ይዛለች።

ሰው ከጓጉንቸር ተወለደ አላልሁም አለ። በረዶ በማይለቀው አገር፣ ዐለት ውስጥ አጥንቱ ድንጋይ ሆኖ የተገኘ የጥንት እንስሳ አለ፤ ጅራቱ የዓሣ፣ እግሩ ግን አራት፤ ከውኃ ወደ የብስ መውጣት ከጀመሩት ወገን ነው። አባቴ መቋሚያቸውን ሰጥተው፣ እስቲ ሳለው አሉት። በግቢው አቧራ ላይ ሳለው። አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩና፣ “በጾም ይበላል?” አሉ።

ሁሉም ሲስቅ አባቴ ሥዕሉን ይዞራሉ። በመጨረሻ፣ ይህማ የሐሙስ ፍጥረት ነው አሉ። ፈጣሪ ሐሙስ ዕለት ከውኃ ካስገኛቸው በባሕር የቀሩ፣ ወጥተው በየብስ የኖሩ፣ በሁለቱ መካከል የሚመላለሱም እንዳሉ ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩት የኖሩት ነው። አስተማሪው አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ኋላ እንደነገረኝ፣ ነገሩ ብዙ ዘመን ፈጅቷል ሊል ነበር።

አባቴ መቋሚያቸውን ተቀበሉት።

“አንተስ ከሦስቱ የትኛው ነህ? የምትመላለሰው ከሆንህ ልጄን አልሰጥህም።”

“ወጥቶ የኖረው ነኝ፣ የኔታ።”

እናቴ ቀሚሴን ለቀቀችው።

ከዚያ ወዲህ ወደ አገሩ ዝውውር ሲመጣለት፣ ጅራቴን ጥዬ ወጥቻለሁ እያለ ይመልሰው ነበር። አሁን ከአባቴ መቃብር አጠገብ ነው። ክረምት ሲገባ መቃብራቸው ዘንድ ስሄድ ከታች ካለው ኩሬ ጓጉንቸሮች ይንጫጫሉ፤ ሁለቱ ክርክራቸውን የቀጠሉ እየመሰለኝ ስቄ እመለሳለሁ።